ሦስተኛው ክር

ይሄን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። እኔው ራሴ ፈርቼ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሆነው በጠራራ ቀን ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለችው የናሙና ክፍላችን ውስጥ።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ... ከሰው ገላ የወጣ ዕጢ እቀበላለሁ፣ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ። ጓደኞቼ "ባለ ሥጋ ቤቷ" ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

ያኔ አንድ ጥናት ላይ ነበርን። ዕጢን ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ብቻ ጨምሮ ማውጣት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ጥናት። ሐኪሙ ዕጢውን እንዳወጡ ሁለት ክር ያስሩበታል። አጭሩ ወደ ራስ፣ ረጅሙ ወደ ጎን የነበረውን ጫፍ ያሳያል። እኔ ደግሞ በስሱ ቆርጬ ጠርዙን በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ፣ ማለትም በሽታው ካልደረሰበት፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካልሆነ እንደገና ቢላ ነው።

ዕጢው የሚመጣበት ብልቃጥ ላይ ስም አይጻፍም። ለማንም እንዳናዳላ ቁጥር ብቻ ነው።

ሰኞ የመጣው ቁጥር አርባ አንድ ነበር። ሰኞ ደግሞ በጥናቱ ቀዶ ጥገና የተደረገላት አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ታላቅ እህቴ።

ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገባ እንኳ "ያቺን የዕጢ ጉድ ስታገኚያት ሰላም በይልኝ" ብላ አስቃኛለች። እሷ እንዲህ ናት።

ደንቡ "የዘመዴ ነው" ብዬ ለሌላ ሰው እንዳስረክብ ያዝዘኛል። አልተናገርኩም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት... የሷን ነገር ለሰው እጅ መስጠት አልሆነልኝም። ለካሁት። አራት ሴንቲ ሜትር። ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ አሳደርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ልቆርጠው አወጣሁት። በልማድ ማስመሪያውን አስጠጋሁ።

አምስት።

ፎርማሊን ሥጋን ያኮማትራል እንጂ አያሳድግም። "ዛሬ ዓይኔን ምን ነካው?" ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ደግሜ ለካሁ...

አምስት።

ፎርማሊኑ ቀዝቃዛ ነው። ዕጢው ግን በጓንቴ በኩል እንኳ ይሞቃል።

ከዚያ ክሮቹን አየሁ። አጭሩ አለ። ረጅሙ አለ። ከበስተኋላው... ሌላ አለ።

ሦስተኛ ክር።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ስፌታቸው ከማማሩ የተነሳ "ልብስ ሰፊው" እንላቸዋለን።

"ዶክተር፣ አርባ አንድ ላይ ስንት ክር ነው ያሰሩት?"

"ሁለት ነዋ። ምነው፣ መቁጠር ጠፋሽ?"

"ሦስት ነው ያለው..."

ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "እንዳትነኪው። መጣሁ" አሉኝ።

መጡ። ጓንት አጥልቀው ጎንበስ አሉ። ክሩ እንደ ሌሎቹ ከላይ የታሰረ አይደለም። የወጣው ከዕጢው ውስጥ ነው። በወረንጦ ጫፉን ያዙና... ቀስ አድርገው ሳቡት።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

እህቴ ናት። ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከአልጋዋ ላይ።

"አንቺ... ሥራ ላይ ነሽ?"

"አዎ እታለም። ምነው?"

"እኔ እንጃ... ጎኔን የሆነ ነገር ሳበኝ። ከውስጥ።"

በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ልብስ ሰፊው ክሩን ለቀቁ።

"ለቀቀኝ" አለች እህቴ። "አሁን ለቀቀኝ።"

ስልኩን ዘጋሁት።

ቢላው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ሁለታችንም አየነው።

"ካልቆረጥነው ጠርዙን አናውቅም" አሉ በሹክሹክታ። "ገላዋ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ደግሞ... ይገድላታል።"

"ከቆረጥነውስ?"

ጓንታቸውን አወለቁ። "እኔ እዚህ አልመጣሁም፤ ምንም አላየሁም" ብለው ወጡ። ያ ሁሉ ጀግንነታቸው በር ድረስ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ብልቃጡ መለስኩት። ቅጹ ላይ "ጠርዙ ንጹሕ ነው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሳልቆርጠው። ሳላየው። ዋሸሁ! በእህቴ ሕይወት ዋሸሁ።

ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። በሳለች ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል... እሱን እየጠበቅኩ ኖርኩ። ዕጢውንም ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቅኩት። ብልቃጡን ሦስት ጊዜ በትልቅ ቀይሬዋለሁ።

ትናንት የክትትል ቀጠሮዋ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳች።

"ምንም የለም። ንጹሕ ነሽ" አሏት ልብስ ሰፊው። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የደስታ ነበር። እህቴ እየሳቀች አቀፈችኝ።

"ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ ሙሾ አውራጅ!"

ከዚያ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች...

"ክዳኑን እንዲህ አታጥብቂው" አለች። "መተንፈስ እያቃተኝ ነው።"

ዕጢውን እንዳስቀመጥኩት ነግሬያት አላውቅም። ድሮ የተጣለ ነው የሚመስላት።

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። የብልቃጡን ክዳን ፈታሁት...

ከውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ።

"እፎይ..." አለ። በእህቴ ድምፅ።