ከአግዳሚው ጫፍ የነበሩት አሥር አለቃ

ወገኖቼ፣ አዳማ ላይ ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ባጃጆች ተደርድረው ሰው ከሚጠብቁበት ጥግ አለፍ ሲሉ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አለች። ዕድሜያቸውን በጦር ሜዳ የጨረሱ ሽማግሌዎች ድንገት ሲያማቸው የሚታዩባት ናት። ሐኪሟ ዶክተር ገላኔ ትባላለች። ሳምንቱን ሙሉ የምትሠራው በግል ሆስፒታል ነው፤ እዚህ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ለግማሽ ቀን ብቻ ነበር።

ያቺን ግማሽ ቀን ትወዳት ነበር። በግል ሆስፒታሉ ጩኸት ነው። አንዱ «እኔ ነኝ የቀደምኩት!» ይላል፣ ሌላው «ዘመዳችሁ ስለሆነ ነው ያስገባችሁት!» ብሎ በሩን ይደበድባል። እዚህ ግን ጸጥ ያለ ነው። በረንዳው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሽማግሌዎቹ ማንም ሳያዛቸው በየማዕረጋቸው ይቀመጡበታል። ከበሩ አጠገብ ኮሎኔሉ፣ ቀጥሎ ሻለቃው፣ ከዚያ ሻምበሉ፣ ከዚያ መቶ አለቃው እያለ ይወርዳል። ዩኒፎርሙ ከወለቀ ስንት ዘመኑ! ማዕረጉ ግን ከትከሻቸው አልወረደም። የበላይ ዘግይቶ ከመጣ የበታቹ ብድግ ይልና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ እሱ ሲንሸራተት ከሱ በታች ያለውም ይንሸራተታል። በአንድ ሰው መምጣት አግዳሚው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። የሚያጉረመርም የለም።

አንድ ቀን ነርሷ ሲስተር ዘርፉ፣ «ዶክተርዬ፣ እንዲያው አንዳንዴ ወጣ ብለሽ ብታያቸው ምናለበት? የባሰበት ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አለቻት።

«ሲስተርዬ፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያሰለፉ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ምን አገባኝ? ደግሞ የባሰበት ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል እንዴ? ይናገራል እንጂ።»

«ወታደር ናቸው እኮ።»

«ወታደር ስለሆኑማ ነው እንዲህ ደስ የሚሉት!» አለችና ስቃ ቀጣዩን አስጠራች።

እንዲህ እንዲህ ሲባል ያ ቅዳሜ መጣ።

ያን ቀን ሲስተር ዘርፉ በሩን ስትከፍት አሥር አለቃ ዲበኩሉ ቀድመው ደርሰው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ሃምሳ አለቃው መጡ፤ ዲበኩሉ ተነሥተው ወረድ አሉ። መቶ አለቃው መጡ፤ ወረድ አሉ። ሻምበል ጫምሳ መጡ፤ አሁንም ወረድ አሉ። ዶክተር ገላኔ ስትደርስ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ጥላው ከሚያልቅበት ፀሐይ ላይ ነበሩ።

«እንዴት አደሩ፣ አባባ?» አለቻቸው እያለፈች።

«ደህና ነኝ፣ ዶክተር! እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉና ሊነሡላት ሞከሩ። አንድ እጃቸው ሆዳቸው ሥር ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ገላኔ ላቡን አይታዋለች። «የአዳማ ሙቀት ዛሬ ገና በጠዋቱ ጀመረው» ብላ በልቧ እያሰበች ገባች።

ወዲያው ኮሎኔል ገብረወልድ ጋዜጣቸውን በብብታቸው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን ፓፓያ በፌስታል ይዘው ደረሱ። አግዳሚው አንድ ጊዜ ተንሸራተተ፤ እሳቸውም በቀጥታ ገቡ። ኮሎኔሉ ሕመም የለባቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የደም ግፊታቸውን መለካት፣ ከዚያም መጫወት ይወዳሉ።

«የወጣት ግፊት ነው ያለዎት፣ ኮሎኔል።»

«አትሸንግዪኝ ልጄ! ባለፈው ቆቃ ሄጄ ዓሣ ሳጠምድ ምን እንደገጠመኝ ልንገርሽ? መንጠቆውን ብስበው ብስበው አልመጣ አለኝ። ግዙፍ ዓሣ ነው ብዬ ሰው ሁሉ ጠራሁ። ጎትተን ብናወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሰው መረብ!»

ገላኔ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ በተከፈተው መስኮት ወጥቶ እስከ አግዳሚው ጫፍ ይሰማ ነበር። ከኮሎኔሉ በኋላ ሻምበሉ ገቡ፣ የጉልበት ቁርጥማት። መቶ አለቃው ገቡ፣ የጆሮ ማሳከክ። ሃምሳ አለቃው ገቡ፣ ያለቀ የስኳር መድኃኒት። ፀሐይዋም ወደ አናት ወጣች።

ገላኔ ጋዋኗን አወለቀች። ጓደኞቿ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ምሳ ቀጥረዋት ነበር፤ ስልኳም ደጋግሞ ይጠራል።

«አንድ ሰው ቀርተዋል» አለች ዘርፉ።

«አሥር አለቃ ዲበኩሉ? ጠዋት ጠየቅኳቸው እኮ፣ ደህና ነኝ ብለውኛል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ብላቸው ቅር አይላቸውም።»

ይህንኑ ልትነግራቸው በሩን ከፈተች። ዲበኩሉ ሐኪም ፊታቸው ስትቆም ተቀምጠው መቆየት አልሆነላቸውም። ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፣ እግራቸውን ገጠሙ፣ ቀጥ አሉ። ከዚያ አግዳሚው ሥር ወደቁ።

ገላኔና ዘርፉ ደግፈው አልጋ ላይ አወጧቸው። ገላኔ የኮታቸውን ቁልፎች ፈትታ እጇን ሆዳቸው ላይ ስታሳርፍ ደነገጠች። ከብሽሽታቸው ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ነበር። ቡአ ነው። አንጀታቸው በሳሳው የሆድ ጡንቻ በኩል ወጥቶ ታንቋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባባ?»

«ትናንት ማምሻውን ጀመረኝ። ጎህ ሲቀድ ጠና።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን በሩን አላንኳኩም?»

ሽማግሌው በጥያቄዋ የተገረሙ መሰሉ። «ተራዬ አልደረሰማ! ኮሎኔል እያሉ እኔ እንዴት እቀድማለሁ?» አሉ። ቀጥለውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ደግሞም ለሴት ልጅ የሚነገር ቦታ አይደለም» አሏት። ትንሽ አቃስተው፣ «ቶሎ ልሂድ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አሉ።

ኮሎኔል ገብረወልድ ከግቢው በር ላይ ከሻምበል ጫምሳ ጋር ገና ጨዋታ ላይ ነበሩ። በሳቸው መኪና አድርገው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ቀዶ ጥገናውን የሠራው ዶክተር ማናሴ ሲወጣ ፊቱ ደክሟል። «ይተርፋሉ» አለ። «ጠዋት ቢመጡ ኖሮ አንጀታቸውን ወደ ቦታው መልሰን፣ ሰፍተን እንልካቸው ነበር። አሁን ግን የሞተውን ቆርጠን አወጣን። ጡንቻውም ተጎድቷል። ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሣት የለም። ለመሆኑ እስካሁን የት ነበሩ?»

ገላኔ ሩቅ ገጠር ነበሩ ብትል በወደደች፤ ከአቦምሳ ማዶ፣ መኪና ከማይገባበት መጡ ብትል።

«እኔ በር ላይ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ እኔ በር ላይ ነበሩ።»

ማናሴ አንገቱን ደፋ። ባይደፋና ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገላኔ ወደ ክፍሏ ሳትገባ አግዳሚው ፊት ቆመች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወትሯቸው ተደርድረዋል።

«አባቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በማዕረግ አይደለም የማየው። ያመመውን አስቀድማለሁ።»

ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በዲበኩሉ የደረሰው እኛንም አሳዝኖናል። ግን ይሄ ሥርዓት ነው። ማንም አላስገደደውም፤ አክብሮን ነው የተነሣው። አክብሮት ከቀረ እኛ ምን ቀረን?»

የዲበኩሉን ላብ ገላኔም እያየች አልፋ ነበርና በማን ላይ አፏን ትከፍታለች?

ዲበኩሉ ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ልትጠይቃቸው ቤታቸው ሄደች። ያ «ይጠብቀኛል» ያሉት ሰው ማን እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ባለቤታቸው እማማ እናትነሽ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ዲበኩሉ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አንሥተው ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲጠና አንሥተው ይመልሷቸዋል። ያን ቅዳሜ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ እናትነሽ ፀሐይ ላይ ቀርተው ነበር። አሁን ግን የሚያነሣቸው ጠፍቶ ከአልጋቸው አይወርዱም። ዲበኩሉ አጠገባቸው ፍራሽ ላይ ተኝተዋል።

«ዶክተር! ያን ቀን ቅዳሜዎን አበላሸሁብዎት፣ ይቅርታ» አሉ ዲበኩሉ ገና ስትገባ።

ገላኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«አንቺ ነሽ ዶክተሯ?» አሉ እናትነሽ ከአልጋቸው ላይ። «ነይ ተቀመጪ። አልቆጣሽም፣ አቅሙም የለኝ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር የዋሸኝ በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹ደህና ነኝ› በሚለው። ጥይት ጭኑ ውስጥ እያለ ደህና ነኝ ብሎ ጽፎልኛል! ስለዚህ እኔ ደህና ነኝ ሲለኝ ፊቱን ነው የማየው። አንቺ ፊቱን አላየሽም ነበር?»

«እናትነሽ፣ ተያት እንጂ» አሉ ዲበኩሉ።

«ይተዉአቸው፣ አባባ፣ እውነታቸውን ነው» አለች ገላኔ። እንባዋ ቀደማት። «አይቻለሁ፣ እማማ። ላባቸውን አይቻለሁ። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩ። ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ ማሰቡ ለእኔ ይቀለኝ ስለነበረ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ለካስ ኮሎኔል ገብረወልድና ሻምበል ጫምሳ ለጥየቃ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ዲበኩሉ ኮሎኔሉን ሲያዩ ቀና ሊሉ ታገሉ።

«ተኛ! ተኛ እባክህ» አሉ ኮሎኔሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሥር አለቃ፣ ያን ቀን ስገባ ተነሥተህልኝ ስትንሸራተት እጅህ ሆድህ ላይ ነበር። አይቼሃለሁ። ስለተነሣህልኝ ደስ አለኝ እንጂ ምን ሆነህ ነው አላልኩህም። እኔ የዓሣ ወሬ ሳወራ አንተ ውጭ ትሞት ነበር። ጦር ሜዳ ላይ ቁስለኛ ጥሎ ያለፈ መኮንን ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

«ኧረ ኮሎኔል፣ ይተዉ...»

«ማዕረግ ካልን ሸክሙም በማዕረግ ይሁን። ሻምበል፣ ያን ወንበር አምጣው፣ እናትነሽን ዛፏ ሥር እናውጣቸው!»

ጎረቤታቸው ቦንቱ ተጠርታ መጣች። እሷና ገላኔ እናትነሽን ደግፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ኮሎኔሉ በአንድ ወገን፣ ሻምበሉ በሌላው ያዙና ወንበሩን ብድግ አደረጉት። ሁለቱም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይንገዳገዳሉ፣ ያለከልካሉ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ ኮሎኔል!» ብለው ጮኹ እናትነሽ። «የተማረከ መድፍ አደረጉኝ እኮ!»

ዲበኩሉ ሳቁ፤ ስፌታቸውን አሳመማቸውና ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያ አግዳሚ ሰዎች በየተራ እየመጡ እናትነሽን ኒሟ ሥር ያወጣሉ። ሰኞ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ የኮሎኔሉ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ያወራሁላችሁ ሐኪሟን ለማሳጣት አይደለም፤ እሷ እስከ ዛሬ ራሷን ታሳጣለች። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ አለ። የሚጮኸውን እናስተናግዳለን፣ ትልቁን እናስቀድማለን፣ ዝም ያለውን «ደህና ነህ?» ብለን መልሱን ሳንጠብቅ እናልፈዋለን። አክብሮን ወደ ኋላ ያለልንን ሰው ቢያንስ ዞር ብለን ፊቱን እንየው። ተነሥቶ ቦታ የለቀቀልን እየታመመም ሊሆን ይችላል።

ዲበኩሉ ቁስላቸው እየደረቀ ሲመጣ ለምርመራ ወደ ክሊኒኳ መጡ። ልማድ ሆኖባቸው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ገላኔ አሁን ክፍሏ ከመግባቷ በፊት አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር እየሄደች፣ የእያንዳንዱን እጅ እየጨበጠች ፊቱን ታያለች። እሳቸው ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«እንዴት ነዎት፣ አባባ?»

«ደህና...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ወደ ኮሎኔሉ አዩ፤ ኮሎኔሉ ጋዜጣቸውን አጥፈው ይጠብቃሉ። ወደ ገላኔ አዩ፤ እሷም አልሄደችም፣ ትጠብቃለች። ከዚያ እጃቸውን ስፌታቸው ላይ አሳረፉ።

«ያመኛል፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ጋ።»