የእማማ ጌሼ ስም

«ዋስትናውን አልወስድም» አለች አንትዬ፣ እርጥብ ጓንቷን ጉልበቷ ላይ እያስቀመጠች። «እርስዎ ነጋዴ ነዎት። ነጋዴ የሸጠው መኪና ቢበላሽ አንድ ዓመት በሕግ ይጠየቃል። በሕግ ያለኝን ነገር ደግሜ በገንዘብ አልገዛም።»

ልጇ ፌንያ አጠገቧ ተቀምጣ ሰረቅ አድርጋ አየቻት። እናቷ ይህን ንግግር አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመደው ነበር የመጣችው። መኪና ሻጩ አቶ ብሮደርሰን ግን አልተከራከሩም። የተጨማሪ ዋስትናውን ደብተር በአንድ ጣታቸው ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ አደረጉና «እንደ ፍላጎትዎ» አሉ።

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለታቸው ፌንያን ደስ አላላትም። በዚያ የባሕር ጠረፍ አገር ሰው የሚሸጠውን ነገር በቀላሉ አይለቅም።

ከመስኮቱ ውጭ ግራጫዋ መኪና ዝናብ ይወርድባታል። ስለ እሷ ለፌንያ የነገረቻት የአቶ ብሮደርሰን ልጅ ሜርለ ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ረቡዕ ዕለት በዕረፍት ሰዓት «አባዬ ጋ አንዲት ፏ ያለች መኪና አለች» አለቻት። «የአያቴ ናት ባክሽ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ከመመለስ ሌላ ሥራ አታውቅም። ሰው ሳይቀድማችሁ ቶሎ በሉ።» ፌንያም እየሮጠች ለእናቷ ነገረች። እንዴት አትሮጥ።

አሮጌው መኪናቸው ኅዳር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር ባለው መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቀረ። አንትዬ በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካማ አረጋውያንን የምትረዳ ናት፤ የዚያን ቀን መጀመሪያ የምትደርሰው የስኳር መርፌያቸውን ከሚጠብቁት ከአቶ ሆልም ቤት ነበር። ስልክ በዚያ ሜዳ አይሠራም። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ስትደርስ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ምን ሆና ቀረች ብለው ሊያዩ ሲወጡ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ አንትዬ እንቅልፍ የላትም። አለቃዋ ደግሞ እስከ ሰኞ መኪና ካላገኘሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብላታለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ሜርለ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቷን ወረቀት ትሞላለች። ውሉን ከፕሪንተሩ አውጥታ አንትዬ ፊት አስቀመጠችው። ፌንያን ቀና ብላ አላየቻትም። «እዚህች ጋ፣ ከታች» አለች፣ አንድም ቀን አይቷቸው እንደማያውቅ ሰው።

አንትዬ መነጽሯን ቤት ረስታዋለች። ብዕሩን አነሣችና «እስኪ አንቺ እይልኝ» አለቻት ልጇን።

ፌንያ በልቧ አነበበች። ቀለም፣ የተሠራችበት ዓመት፣ የተጓዘችው ኪሎ ሜትር። ከዚያ፦ «ድርጅቱ ይህን መኪና የሚሸጠው ባለቤቷን ወክሎ ነው።» ቀጥሎ፦ «ሻጭ፣ ጌሼ ብሮደርሰን፣ ግለሰብ።» ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ «ገዢ መኪናውን እንዳየው ገዝቷል፤ ሻጭ ለብልሽት አይጠየቅም።»

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ሻጩ ነጋዴ ካልሆነ እናቷ የተመካችበት የአንድ ዓመት ሕግ የለም ማለት ነው።

የሜርለን አያት፣ እማማ ጌሼን፣ ደግሞ ታውቃቸዋለች። ባለፈው የገና ሰሞን ሜርለ ቤት ኬክ ሲበሉ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ እንደወደቁ፣ በሦስተኛውም ፈታኙን ከነመኪናው ቦይ ውስጥ እንደከተቱት አጫውተዋቸው ነበር። «ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ባለ ሦስት እግር ብስክሌቴ ትበቃኛለች» ሲሉ ሜርለ ከሳቋ ብዛት ኬኩ ሊያንቃት ነበር።

እንግዲያው የእማማ ጌሼ ስም ለሽፋን ብቻ እንደገባ ሜርለ ታውቃለች። ፌንያ አየቻት። ሜርለ ስቴፕለሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ዝም ብትል ሰኞ እናቷ ትነዳለች። መኪናዋም ምንም ላትሆን ትችላለች። ሜርለም ጓደኛዋ እንደሆነች ትቀራለች።

«ሜርለ» አለች ፌንያ፣ «እማማ ጌሼ መንጃ ፈቃድ መቼ አወጡ?»

ስቴፕለሩ ቆመ።

«አታካብጂ» አለች ሜርለ ጆሮዋ እየቀላ። «ወረቀት እኮ ነው።»

«መኪናዋ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ያልሽኝስ?»

«እንደዚያ በይ ተብዬ ነው።»

«ልጆች፣ ይሄ የአዋቂ ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ብሮደርሰን። ወደ አንትዬ ዞሩ። «እናቴ በስሟ መኪና ቢኖራት ምን ነውር አለው? ከሰጉ ዋስትናው ያውና።»

አንትዬ የሻጩን ስም ለማንበብ ወረቀቱን ከዓይኗ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። ፊቷ ቀስ እያለ ደም ሲሸሸው ፌንያ አየች።

«ይህን ስም ይሰርዙልኝ» አለች። «በራስዎ ስም ይጻፉትና አሁኑኑ እፈርማለሁ። አንድ ሳንቲም ቀንሱልኝ አልልም።»

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

አቶ ብሮደርሰን ደብተሩን ወደ እሷ መልሰው ገፉት። ፌንያ ገለጥ አደረገችው። የሚሸፈነው አንድ ገጽ ነው፤ የማይሸፈነው አራት።

«እማዬ፣ በአገልግሎት ያለቀ ዕቃ አይካተትም ይላል።»

«አሥራ አራት ዓመት የተነዳ መኪና ምኑ ነው ያላለቀው?» አለች አንትዬ። የሣቀች መሰለች፤ አልሣቀችም። ብዕሩ አሁንም በእጇ ነው። ጎንበስ ብላ ለልጇ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሰኞስ?» አለቻት።

እናት ልጇን እንዲህ ባትጠይቅ ደግ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ትከሻ ምን ያህል ይሸከማል? ግን ጠየቀቻት፤ ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ፌንያ ያንን መንገድ አሰበች፤ ጨለማውን፣ በግራጫዋ መኪና ውስጥ እንደገና ሞተሩ ሲጠፋ።

«መንገድ ላይ ከምትቀሪ» አለች፣ «ዛሬውኑ ለመሥሪያ ቤትሽ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ሌላ ሰው እንዲልኩ።»

አንትዬ ብዕሩን ውሉ ላይ አጋደመችው፣ ጓንቷን አነሣች፣ ተነሣች። አቶ ብሮደርሰን ሰኞ ዋጋዋ ይጨምራል ምናምን ሲሉ ሁለቱም በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

«ፌንያ» አለች ሜርለ ከኋላ። «ሰኞ ክፍል ውስጥ ቦታ ልያዝልሽ?»

ፌንያ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው አልመጣላትም፣ ድካም ብቻ።

«አትያዢልኝ» አለች።

ውጭ ዝናቡ ጋብ ብሏል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ግን ያው ነው። ቀጣዩ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አንትዬ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ለአለቃዋ ደወለች።

«አላገኘሁም» አለች። «አዎ። ገብቶኛል፤ ቦታዬን ለሌላ ስጪው። አቶ ሆልም ግን ትናንት ከሆስፒታል ተመልሰዋልና ሰኞ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይደረስ። አይ፣ ሁለተኛ አይደለም… ትሰሚኛለሽ?»

ነፋሱ ቃሏን እየነጠቀ ይወስደዋል። ፌንያ የጃኬቷን ቆብ አጠለቀችና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዞራ፣ እናቷን ተጠግታ ቆመች። እናቷ «መጀመሪያ» ብላ እንደገና ጀመረች።