ስንዝር ያህል ወደ ጎን

ፍቅር መቼም መንገድ አያጣም። አንዱን ሠርግ ቤት ያገናኘዋል፣ ሌላውን ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ። ሰዓት ሰሪውን ግን ዱላ አስይዞ፣ ከአንዲት ሴት ፊት አቁሞ፣ «በል ግንባሯን!» አለው።

ሰውዬው ጠብ ፈልጎ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ብሎኖች ሲፈታና ሲያስር የኖረ፣ ዝንብ እንኳ በትህትና የሚያባርር ሰው ነው። ወገቡ አልቃና ቢለው ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ፣ አለዚያ ሳትወልድ ትሸመግላለህ» አለው። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ የፊሊፒኖች የዱላ ትግልና ኪክቦክሲንግ የተጠናከረ ስልጠና ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቅርብ ነውና ገባ።

አዳራሹ ድሮ መጋዘን ነበር። መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ቢታጠብም ቢሰጣም ላብ ላብ ይላል። ጠዋት አርኒስ የሚሉት የዱላ ትግል፣ ከሰዓት በኋላ ቡጢና እርግጫ። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ግማሹ ሰው «ወይ ጉልበቴ» እያለ ቀረ።

አሰልጣኙ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። የሰው ስም አይዝም። የባንክ ጥበቃ የሆነችውን ትልቅ ሴት «ግድግዳ» አላት። ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» አላት። ሰዓት ሰሪውን የሚለው ቢያጣ ያው «ሰዓት ሰሪው» ብሎ ተወው።

«መርፌ ከሰዓት ሰሪው ጋር!» ሲል ደለደላቸው። ከዚያ ሁሉንም ዞሮ አየ። «ስሙኝ። የምትመቱት ግንባር ነው። አጠገቡን አይደለም፣ ግንባር! ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ ግን ግንባር። ጓደኛችሁ ካልተከላከለ ይቅመሳት። አጠገብ የሚመታ ሰው ጓደኛውን አየር መከላከል ነው የሚያስተምረው።»

ሰዓት ሰሪው ዱላውን አነሳ። ገና ከትከሻው ሳይወርድ ሴትዮዋ ዓይኖቿን ጨፈነች፣ የራሷም ዱላ ከእጇ ወደቀ። እንደምንም ግንባሯ ጋ ሲደርስ አቆመው።

የሰዓት ሰሪ ሥራ ትንሽ ነገር ማየት ነው። ያ ድንገት የደነገጠ ሰው አጨፋፈን አልነበረም፤ የለመደ ሰው አጨፋፈን ነበር። ምን ስትለምድ እንደኖረች ሳትነግረው ገባው።

«ይቅርታ» አላት።

«ምን አጠፋህ? ድገመው።»

ደገመው። እጁ ግን እሺ አላለውም፤ ዱላው ስንዝር ያህል ወደ ጎን ሄደ። እሷ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየችና አገኘችው፤ ዱላ ከዱላ ተጋጨ። በሚቀጥለው ሁለቱንም ዓይኖቿን ገለጠች።

«አየህ?» አለች ሳቅ ብላ።

«አየሁ።»

ያየው ሳቋን ነው። ያንን ሳቅ ደግሞ ለማየት ሲል በማግስቱም ስንዝር ያህል ወደ ጎን መታ።

ከሰዓት በኋላ ትራስ የመሰለውን መከላከያ ይይዝላታል፣ እሷ ትረግጣለች። አረጋገጧ እንደ ስሟ አልነበረም።

«ኧረ በፈጠረሽ! እኔ ወገቤን ላድን የመጣሁ ሰው ነኝ!»

«ወገብህን መቼ ነካሁት? ሆድህን ነው።»

ልምምድ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። እሱ ከእጇ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ይፈታላታል። ራሷ መፍታት ትችል ነበር፤ እሱም እንደምትችል ያውቃል። ሁለቱም ይህን አያነሱትም። ጨርቁ ረጅም ነው፣ ደግነቱ።

አንድ ቀን እዚያው ደረጃ ላይ፣ እጇ በእጁ እንዳለ ነገረችው። ባል ነበራት። ይመታት ነበር። መትቶ ሲያበቃ «ስለምወድሽ እኮ ነው» ይላታል። ተፋተው፣ ሰውዬውም ርቆ ሄዶ፣ እሷ ከእናቷ ጋር መኖር ጀምራ ነበር። አሁን ተመለሰ አሉ፤ ገበያ መሃል ያየው ሰው አለ።

«በር በተንኳኳ ቁጥር መቀሴን እጨብጣለሁ» አለች። «ክፉ እንዲያገኘው አልፈልግም። እኔ የምፈልገው በር ሲንኳኳ ሳልንቀጠቀጥ መክፈት ነው። ሌላ ምንም። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ያን ቀን ሊነግራት ይገባ ነበር። ነገ በትክክል እመታታለሁ አለ በልቡ። ነገ ሲመጣ ዓይኖቿን አየና ሌላ ነገ ቀጠረ። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ድምፁ ያው ነው፤ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። አሰልጣኙም ሲያልፍ «ጎበዝ መርፌ!» ይላታል። እሷ በደስታ ትቀላለች፣ እሱ ወለል ወለሉን ያያል።

እናቷ ቤት የግድግዳ ሰዓት ሊጠግን ሄደ። ሰዓቱን ጠግኖ ጨርሶም ቆየ። እናቲቱ ወደ ጓዳ ጠርተዋት፣ እሱ እንዲሰማ አድርገው አንሾካሾኩ።

«ልጁስ ደግ ነው። ግን አይናገርም እንዴ? ሰዓቱ ይሻላል እኮ፣ እሱስ ቢያንስ ይደውላል!»

«ተይ እማዬ፣ ይሰማል!»

«ይስማ! እንዲሰማ አይደል?»

ሰዓት ሰሪው በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በልብስ ስፌት መኪናዋና በጨርቅ ክምሩ መሃል ቆሞ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ስልጠናው የሚያበቃበት የፈተና ቀን ደረሰ። አሰልጣኙ እጁን አጨበጨበ።

«ጓደኛ ቀይሩ! መርፌ ከግድግዳ ጋር!»

ሰዓት ሰሪው ልቡ ስንጥቅ አለ። ይህን እንዴት አላሰበውም? አስቦታል እንጂ፤ አስቦ ነው ያላሰበ ያስመሰለው። «ቆዩ!» ሊል አፉን ከፈተ። ቆዩ ብሎስ? ምን ይበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምኑን ከምን ጀምሮ ይናገር? አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ግድግዳ እንደተማረችው መታች፤ ግንባር። መርፌ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቀጥ ብላ፣ ሳትፈራ ቆማ ነበር፤ እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቷት አያውቅም። ዱላዋ ግን የለመደበት ቦታ ሄደ፣ ስንዝር ያህል ወደ ጎን። የግድግዳ ዱላ በመሃል ገባና የመርፌን የእጅ አንጓ አገኘው። ድምፁ እንደ ወትሮው የዱላ ድምፅ አልነበረም።

«እኔን! እኔን!» አለች ግድግዳ ዱላዋን ወርውራ። «ምነው እቴ፣ ወዴት ነበር የምትከላከዪው?»

አሰልጣኙ አንጓዋን በጨርቅ ካሰረ በኋላ ቀና አለ። ጥቂት አሰበና ሰዓት ሰሪውን በጣቱ ጠራው።

«ና። የራስ መከላከያ አድርጌያለሁ። ምታኝ።»

ሰዓት ሰሪው መታው፤ በትክክል ግንባሩን።

«መርፌን እንደምትመታት አድርገህ ምታኝ።»

«ጋሼ…»

«ምታኝ አልኩህ!»

መታ። ዱላው በጆሮው አጠገብ አለፈ። አሰልጣኙ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። መከላከያውን አወለቀና «ሐኪም ቤት ውሰዷት» ብቻ አለ።

ሰዓት ሰሪው ሊደግፋት ተጠጋ። እጇን ሰበሰበች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ ብዬ።»

«እሱንማ ገለጥኩልህ። ገልጬ ነው የተመታሁት።» እንባዋ መጣ። «አንዱ ስለምወድሽ ነው እያለ መታኝ። አንተ ደግሞ እየወደድከኝ አታለልከኝ። ‹ምን ትፈልጊያለሽ?› ብሎ ጠይቆ፣ ያልኩትን የሚያደርግልኝ ሰው ጠፋ? ቢቸግረኝ እኮ፣ ያ ሰውዬ ቢመጣብኝ እኮ፣ በዚህ እጅ ነበር የምቆመው!»

ግድግዳ ደግፋ አወረደቻት።

እጇ በጄሶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ስፌቱን እናቲቱ ያዙት። ሰዓት ሰሪው በራቸው ድረስ ይሄድና ይመለሳል። አንድ ቀን እናቲቱ በር ላይ አገኙትና «እኔ አልተቀየምኩህም ልጄ» አሉት፤ «የእሷ ልብ የሚመለስበትን ቀን ግን እኔም አላውቀው።»

ጄሶው ተፈታ። መርፌ ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ ከግድግዳ ጋር፣ ከአንድ ብላ። እሱ ከዚያ ወዲያ ደረጃውን አልወጣም። ሱቁ ተቀምጦ ከማዶ ፎቅ የሚመጣውን የዱላ ድምፅ ያዳምጣል። ወገቡ እንደ ድሮው ጎበጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጭብጨባና እልልታ ከመስኮቱ ወረደ፤ የግድግዳ እልልታ ነው፣ ሌላ ማን እንደዚያ ይጮሃል! ፈተናውን ማለፏን በዚያ አወቀ፣ ብቻውንም አለቀሰ።

በማግስቱ ሱቁ መጣች። ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ቆመች። ከስታ ነበር፣ ትከሻዋ ግን ተቃንቷል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

«እንኳን አብሮ።» ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይሰማሉ።

«አግቢኝ» አላት። ሊለው ያሰበው ረጅም ነገር ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ሆነ።

አልደነገጠችም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ፣ በሞቴ» አለችው። «ያ ሰውዬ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ብታየው፣ ወደ እኛ ቤት ሲታጠፍ ብታየው፣ ትነግረኛለህ?»

«እነግርሻለሁ» ማለት ምን ይከብዳል? ቃሉን ቢላት እንደምታገባው ከዓይኗ አይቷል። ዓይኗ ‹በለኝ› ይለዋል። ግን ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችውን እጇን አየ። አንጓዋ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የዳነው። በዚያ እጅ ላይ ሁለተኛ መዋሸት አቃተው።

«አልነግርሽም» አለ። «ቀድሜው ሄጄ በርሽ ላይ እቆማለሁ። ቢገድለኝም እቆማለሁ። ላንቺ ግን አልነግርሽም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትተኛለሽ።»

«ምንም ሳላውቅ?»

«ምንም ሳታውቂ።»

እንባዋ በዝምታ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ብትዋሸኝ አገባህ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እውነቱን ብትነግረኝ ደግሞ ፍቅርህ ከበፊቱ ባሰብኝ። ምን ላድርግህ አንተን? ምን ላድርግህ?» እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው። «እንደዚያ መኖር ግን አልችልም። ደህና ሁን የኔ ጌታ።»

ወጣች። አልተከተላትም፤ አትከተለኝ እንዳለችው ነው የቆጠረው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ግድግዳ የእጅ ሰዓቷን ባትሪ ልታስቀይር መጣች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለማይረባው ወንበሯ አወራችው። ሰዓት ሰሪው ሰዓቱን ከፍቶ አጎንብሶ፣ የልቡን ላለመጠየቅ ሲታገል ቆየ። በመጨረሻ አልቻለም።

«መርፌ ደህና ናት?»

ግድግዳ በሩን ዞር ብላ አየች። «ሰውዬው መጥቶ ነበር እኮ።»

ጉጠቱ ከእጁ ወደቀ። «ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች! አንኳኳ፣ ከፈተች። መቀሷን እንኳ አልያዘችም። ዓይን ዓይኑን እያየች ‹ምን ፈለግህ?› አለችው። ቆሞ፣ ቆሞ፣ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ። አይ መርፌ!»

«መቼ ነው?» አለ ከመቀመጫው ተነስቶ። «ዛሬ ነው? ትናንት?»

«ኧረ ቆየ! ካለፈው ወር ወዲያ ነው።» ግድግዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አደራ፣ እንዳትናገር። ላንተ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። ‹እሱ እንዳይሰማ፤ ከሰማ እንቅልፍ አይወስደውም› ብላኝ ነው።»

ሰዓት ሰሪው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሌሊት፣ ምንም ሳያውቅ፣ የተኛው እሱ ነበር።