አራት መቶ አሥር ግራም

ከጨረቃ የተላከ ዕቃ አዳማ በአራት ቀን ይደርሳል። ከቀበሌ የሚላክ ደብዳቤ ግን አሁንም እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ጨረቃ ላይ የሚኖረው የወንድሟ የኅሩይ ድምፅ በግድግዳው መስታወት ሲመጣ ትርሲት አልተደነቀችም።

"እማ፣ ጭኮ የላክሽልኝበትን ዕቃ መልሼልሻለሁ። ወደቡ ላይ ተይዟልና እንዲለቁት ቶሎ መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ አሳርፉ።"

መዳፍ የቤተሰብ ሁሉ ቁልፍ ነው። አሻራውን የሰረቀ ሰው ቤቱን በስሙ አድርጎ ባለቤቶቹን ደጅ ያስቀራል። ጎረቤታቸው አቶ በዳኔ ባለፈው ወር እንዲህ ተታለው ከነልጆቻቸው ደረጃ ላይ ቀርተዋል። ለዚህም ነው ትርሲት ሐሰተኛ መልእክት የሚለይ አሳቢ ማሽን ሠርታ ዘብ ያለችው።

"ዘብ፣ ምን ትላለህ?"

"ድምፁ የኅሩይ ነው። መነሻው ጨረቃ ነው። ክብደቱ አራት መቶ አሥር ግራም፤ መዝገቤ ላይ ካለው ጋር ልክ ነው። እውነተኛ ነው።"

ትርሲት እጇን ዘረጋች። እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ብድግ ብለው ክንዷን ያዙ።

"ቆዪ እስቲ! ውስጡስ ምን አለ?"

"ምንም። ክብደቱ የዕቃው ብቻ ነው" አለ ዘብ።

ወይዘሮ ዘነቡ ሳቁ። "እኔ ያሳደግኩት ልጅ የሰው ዕቃ በባዶ አይመልስም! ጨው ቆንጥሮም ቢሆን ያደርግበታል።"

ትርሲት በማሽኗ አፈረች። መልእክቱን ዘግታ በምታውቀው ቁጥር ራሷ ለወንድሟ ደወለች።

"የምን ዕቃ?" አለ ኅሩይ። "ይኸው አጠገቤ ነው። እዚህ የዘራሁት ሰናፍጭ እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነው። በባዶ እልካለሁ እንዴ? ነውር አይደል?"

ትርሲት ማሽኗን የተከሉትን የከተማውን ቤቶች ዘቦች በሙሉ፣ ባዶ ተመለሰ የተባለ ዕቃ እንዳያምኑ አስጠነቀቀች። ያው ማታለያ በየላኪው ድምፅ ስድስት ሺህ ቤት ደርሶ ነበር፤ አንድም በር አልተከፈተለትም። ወይዘሮ ዘነቡ መስኮት ከፍተው እልል ሲሉ ፎቁ ሁሉ ተቀበላቸው። ከሁሉም አስበልጠው የጮኹት የአቶ በዳኔ ባለቤት ነበሩ።

"ይህ ደንብ የት ተጽፏል?" ሲል ዘብ ጠየቀ።

"የትም። እንዲህ ያለውን ደግሞ ማን ይጽፈዋል?" አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

ሌቦቹ የተጻፈውን ሁሉ ሰርቀው ነበር፤ ይህ ግን የተቀመጠው በእናቶች ቁጣ ውስጥ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ በራሪው ፖስታ መስኮቱን አንኳኳ።

"አራት መቶ ስድሳ ግራም" አለ ዘብ። "ለኅሩይም ደውዬ ጠይቄዋለሁ፤ ሰናፍጭ ነው። ልክፈት፣ እማማ?"