ከበሩ ደጃፍ የተነሣው ሣር

አባወራው በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው አዲስ ባስነጠፈው ሣር ላይ፣ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። ፊቱ ሥር ያለው ሣር በደም ጠቁሯል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የአትክልተኛዋ አካፋ ደም እንደነካው ተገኘ።

መርማሪዋ ስትደርስ አትክልተኛዋ እጇ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

«እመቤቴ፣ ጨቅላ ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ከጡት ሌላ አያውቅም።»

«ይኼንንማ ሰው ሳትገድይ ማሰብ ነበር» አለ አሥር አለቃው።

«አንተ ደግሞ፣ ችሎት ሳይቀመጥ ፈረድክ?» አለችው መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ሴቲቱ ዞረች። «ትናንት ከሟች ጋር ተጣልተሽ ነበር?»

«ዳር ዳሩ ቢጫ ሆነ ብለው ተቆጡኝ። አዲስ ሣር በማለዳ ነው ውሃ የሚጠጣው። እሳቸው በጠራራ ፀሐይ ያጠጡታል፤ ይረግጡታል። ምን ልበል? አካፋዬን እንኳ በጓሮ በኩል ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ትቼ በጊዜ ሄድኩ።»

«ሥር ይዟል?»

«መያዝ ጀምሯል። ቀስ አድርገው ቢስቡት እምቢ ይልዎታል።»

ሚስትየው ሳሎን ውስጥ ናት። የተሰበረ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማታ ባልሽን አልፈለግሽውም?»

«ተኮራርፈን ነበር። ስንኳረፍ ሳሎን ነው የሚተኛው። ይኼ ሣር ሲያነታርከን ከረመ! ጭራሽ የወንድሙን ክፍል አፍርሼ እስከ አጥሩ አነጥፈዋለሁ አለ። ተው ብለው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።»

ወንድምየው ከግቢው ጀርባ ባለው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዝምተኛና ትከሻ ሰፊ ሰው ነው።

«ማታ ምን ሰማህ?»

«ምንም። በጊዜ ተኛሁ።»

«ሣሩን ነክተኸዋል?»

«በጣቴም! ወንድሜ እኮ ከኔ ይልቅ ለሱ ነበር የሚሳሳው።»

«ክፍሉ ያንተ ነው?»

«የእናታችን ነበር። ያስታመምኳትም እዚህ ነው» አለና ወደ ውስጥ ተመለከተ።

መርማሪዋ ሣሩ ዳር ተንበረከከች። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣውን ሣር ቁራጭ በቁራጭ ጫፉን እየያዘች ሳበች። እምቢ አላት። አስከሬኑ ሲነሣ በደም የጠቆረውን ሳበች፤ እንደ ብርድ ልብስ ተገፎ መጣ። ሥሩ ያለውን አፈር በጣቷ ጫረች። ከዚያ እየሳበች በቤቱ ጥግ ዞራ ወደ ጀርባ ሄደችና ሁሉንም ጠራቻቸው።

የተሰበሰቡት ወንድምየው በር ላይ ነው።

«ሟች የሞተው ዕቃ ቤቱ ጋ አይደለም» አለች። «ሣሩ በደም ርሷል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ንጹሕ ነው። ደም ደግሞ ሣር ላይ አይቆምም፤ ይሰርጋል። ስለዚህ አስከሬኑም ያ ሣርም ከሌላ ቦታ ተነሥተው የመጡ ናቸው። የጎደለው በሌላ ተተክቷል። ግቢውን ሙሉ ሳብኩት፤ ሥር ሳይዝ የተገኘው ሌላ ቁራጭ አንድ ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብላ ከበሩ ደጃፍ ያለውን ሣር ገለጠችው። አፈሩ ጠቁሮ ረግቷል። ሚስትየው በደኅና እጇ አፏን ያዘች።

«ይኼ ርጥብ ሣር ከነአፈሩ ከባድ ነው። ሚስቱ በአንድ እጇ አታነሣውም። አትክልተኛዋ ታነሣዋለች። ግን እዚህ ገድላው ቢሆን፣ ደሙን ወደ ራሷ ዕቃ ቤት ለምን ትወስዳለች?» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ደሙ ከዚህ በር እንዲርቅ የሚፈልግ ማን ነው?»

ወንድምየው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ሰኞ ይፈርሳል አለኝ» አለ። «እናቴ እጄ ላይ የሞተችበትን ክፍል። ለሣሩ ሥር እስኪሰድ ጊዜ ሰጠው። ለኔ እስከ ሰኞ።» በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አየ። «አካፋው አጠገቤ ነበር።»

አሥር አለቃው ካቴናውን ከአትክልተኛዋ ሊፈታ ሲጣደፍ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

«ስትጨርስ ቤቷ ድረስ በመኪናው ታደርሳታለህ» አለችው መርማሪዋ። «ልጁ ጠብቶ እስኪተኛም እደጅ ትጠብቃለህ። ቃሏን የምቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።»