ድንጋይ ያልቆመለት

በአርማዝ መንግሥት ሲራፍ ሦስት ጊዜ ያገሣ ዕለት፣ ልጆቼ፣ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሲራፍ ባለ ሁለት ቀንድ የአሸዋ ተራራ ነበር። ነፋስ ከጀርባው አሸዋውን እየጠረገ ወደ ጫፉ ያወጣዋል፤ ከጫፉ ደግሞ በፊቱ በኩል ይናዳል። እንዲህ እየተናደ ይራመዳል። ሰባት መንደር ውጦ፣ ከመጨረሻው የውኃ ጉድጓድ አርባ ክንድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ንጉሥ አዝማር የነሐሱን ጋሻ ከግድግዳ አወረዱ። «በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለው የነፋስ በር በዚህ ይዘጋ። አሸዋው እዚያ ከተያዘ ሲራፍ ቀለብ ያጣል። ጋሻው ግን አሸዋ እስኪቀብረው ድረስ የሚቆመው በሕያው እጅ ነው። ማን ይሄዳል?»

«ሳልዘጋው ብመለስ ውኃ አይንካኝ!» ብላ ወጣቷ ሚርታ ማለች።

ወንድሟ ጎራም ተነሣ። «ብቻዋን ከሄደችማ ነፋሱን በነገር ትጨርሰዋለች» አለ። ሰው ሳቀ። እናታቸው እመት ሰዋሪት አልሳቁም።

በአርማዝ፣ በረሃ ለገደለው ሰው በወደቀበት ድንጋይ ማቆም ወግ ነው። ሁለቱ ሲጓዙ እነዚያን ድንጋዮች አዩ። ከእያንዳንዱ ኋላ፣ ነፋስ በማያገኛት ጥግ፣ አንዲት የአሸዋ ክምር እንደ ግልገል ተኝታለች። አንዳንዷ ቀንድ ማውጣት ጀምራለች።

ሚርታ አንዷን ክምር በእጇ ዳሰሰች። «ወንድሜ፣ ሲራፍንም የወለድነው እኛው ነን። ከሙታኖቻችን ድንጋይ ጀርባ።»

«ዝም በይ፣ ስንመለስ ይህን እናታችን እንዳትሰማ» አለ ጎራም። አሁን እሱም አልሳቀም።

በሁለቱ ገደሎች መካከል ነፋሱ ሚርታን አንሥቶ ከዓለት ጋር አጋጫት፤ ክንዷ ተሰበረ። ጎራም ጋሻውን አንሥቶ በበሩ ተተከለ።

«መልሰው! መሐላው የእኔ ነው!»

«በዚህ እጅሽ? ማንኪያም አትይዢበትም።»

በሦስተኛው ቀን አሸዋው ደረቱ ደረሰ። የቀረችውን ውኃ አጠጣችው።

«በይ ሂጂ» አላት በተሰነጣጠቀ ከንፈሩ። «ለእናታችን ንገሪልኝ። ድንጋይ እንዳታቆምልኝ፤ አደራ።»

ሲራፍ ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ቀለብ አጣ። ነፋሱ ጀርባውን መላጨት አልተወም፤ አዲስ አሸዋ ግን አልመጣለትም። ከሳ። ቀንዶቹ ጉድጓዱን በግራና በቀኝ አልፈው ረገፉ። ሕዝቡ እልል አለ።

እመት ሰዋሪት ነጭ ድንጋይ አቅፈው እስከ ነፋስ በር ሄዱ። አሸዋ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው የቱ ጋ እንዳለ የሚለይ ነገር የለም።

«እናቴ፣ አደራ ብሎኛል» አለች ሚርታ።

እመት ሰዋሪት ድንጋዩን ሊያኖሩ ጎንበስ እንዳሉ ብዙ ቆዩ። ከዚያም ቀና ብለው በነጠላቸው አዘሉት፤ እንደ ሕፃን እሹሩሩ እያሉ ወደ ቤት መለሱት።