የተዋጠ ሳል

የማንኩሳው አቶ ገነነ የሞቱት፣ ልጃቸውን ያምሮትን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ገና ሳይሄዱ፣ መደብ ላይ ጋደም ባሉበት ነው። ሁሉም ሞቅ ብሏቸው የተኙ መስሎት ነበር። አረቄውን ደጋግመው የቀዱላቸው የሙሽራው አባት አቶ ሀይሉ ሲሆኑ፣ እሳቸው ግን ጠብታ አልቀመሱም። ሰፈሩ ይህንኑ ይዞ መርዝ ነው አለ። አቶ ሀይሉ ታሰሩ፤ ደረሰ የሚባለው የሟች ወንድ ልጅም ከቡሬ መጥቶ፣ ሰውየው ቢፈቱ ከእሱ እንደማያመልጡ ለሰማውም ላልሰማውም ይናገር ጀመር።

ከፍኖተ ሰላም የተላከችው ኢንስፔክተር ፋና መጀመሪያ እስረኛውን አነጋገረች።

«ለምን አልጠጡም?»

«አላሰኘኝም።»

ይህን ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፋና ለቅሶ እንዳልሆነ አየች።

የሟችን ሚስት ወይዘሮ እማዋይሽን ባለቤታቸው ያማቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በቤታቸው ሳል የሚባል ነገር ኖሮ እንደማያውቅ ማሉላት። ስለ ሳል ግን አልጠየቀቻቸውም ነበር።

የሆስፒታሉ የአስከሬን ምርመራ ውጤት ሲመጣ እስረኛውንም ጨምራ ሁሉንም ሟች ቤት ሰበሰበች። ከመደቡ ስር ያገኘቻቸውን ሁለት ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አሳየቻቸው።

እማዋይሽ መሬት መሬት እያዩ አንዱን ከፍኖተ ሰላም እንደገዙት ተናገሩ። ሌላውን ያመጣው ደረሰ ነበር። አቶ ገነነ «የሳምባ በሽታ ያለበት ቤት ነው» ተብሎ የልጃቸው ጋብቻ እንዳይፈርስ፣ ሁለቱንም ለየብቻ፣ ለማንም እንዳይናገሩ አስምለዋቸው ኖሯል።

«ስማቸው ይለያያል እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው» አለች ፋና። «በሁለቱም ውስጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንዱ አክታ ያቀጥናል፤ በእሱ አልሞቱም። ሁለተኛው አፍንጫ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ሦስተኛው ኮዴይን ነው፤ አንጎልን ሳሉን ተወው ይለዋል፣ ሲበዛ ትንፋሹንም ያስተወዋል። አቶ ገነነ እንግዶቹ ፊት እንዳይስሉ ሁለቱንም ጠርሙስ ጨልጠው በላዩ አረቄ ጠጡ።»

«አረቄውን የቀዳው ማን ሆነና!» አለ ደረሰ።

«እሳቸው ናቸው። ያልጠጡት ደግሞ እሳቸውም እንዲህ ያለ ሽሮፕ ወስደው ስለመጡ ነው። የሸጠላቸው ሰው ከመጠጥ ጋር እንዳይወስዱት ሳይነግራቸው አይቀርም። እስር ቤት ሽሮፕ የለም፤ ስለዚህ በጋቢ ያፍኑታል። ተሳሳትኩ፣ አባቴ?»

አቶ ሀይሉ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳሉ ቀደማቸው። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ያያቸው የለም።

«ሳለኛ ከሚሉኝ ነፍሰ ገዳይ ቢሉኝ ይሻላል ብዬ» አሉ ሲበርድላቸው። «እኔ ብስል ኖሮ ገነነም ሳያፍር ይስል ነበር።»

ደረሰ ተነሥቶ ጀርባቸውን ደገፈ፤ ፊታቸውን ማየት ግን አልቻለም።